ግምትና ልክ

በደብረ ኤልያስ አንድ ገበሬ የስንዴ ክምሩን ዞር ዞር ብሎ ያይና «ከዚህ አሥር ኩንታል አይጠፋም» ይላል። አልሰፈረም፤ አልመዘነም። ግን በባዶ ሜዳ አልተናገረም። የነዶውን ብዛት፣ የዛላውን ሙላት፣ ያምናውን አዝመራ አስቦ ነው። ይህ ግምት ይባላል። እንግሊዞች ኢስቲሜት የሚሉት ይህንኑ ነው። ክምሩን ሳያዩ እንዲያው ቁጥር መጥራት ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ጌስ ይሉታል።

እኛም ለግምት ቃላት አሉን። «አሥር ኩንታል ያህል»፣ «አሥር ኩንታል ገደማ»፣ «ወደ አሥር ኩንታል» እንላለን። ቃላቱ ትንንሽ ናቸው። ሥራቸው ግን «ከዚህ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል» ብሎ ማስታወቅ ነው። እነሱ ከጠፉ ግምቱ ልክ መስሎ ይቀመጣል፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረማ ይብሳል።

ድሮ አሥራት በእህል ሲከፈል፣ ገማች መጥቶ አዝመራውን ያይ ነበር። አሥራት ከአሥር አንድ ነው። በዛሬ መለኪያ እናስላው። የተገኘው 12 ኩንታል ሆኖ ገማቹ 20 ቢል፣ ገበሬው 2 ኩንታል ይሰፍራል። በልኩ ቢሆን የሚከፍለው 120 ኪሎ ብቻ ነበር። 80 ኪሎ እህል በገማቹ አፍ ሄደ ማለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. አሥራቱ ተሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ይህም ምርቱ በገማቾች እየተገመተ የሚከፈል ነበር። የጎጃም ገበሬ «አልቀበልም» አለ። የፈራው ግምቱን ብቻ አይደለም፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይሄዳል ብሎም ሰግቷል። በሞጣና በቢቸና ሰው ጠብመንጃ አነሣ። ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ግብሩ በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ።

ዛሬ ምርት የሚገመትበት ሌላ መንገድ አለ። ከማሳው ውስጥ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱም 4 ሜትር የሆነ ቦታ በዕጣ ይመረጣል። እህሉ ለብቻ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። ቦታው 16 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቦታ 625 ይወጣዋል። ከተመረጠው ቦታ 4 ኪሎ ቢገኝ፣ 4 በ625 ሲባዛ 2,500 ኪሎ ይመጣል። በሄክታር 25 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ የማሳው አንዱ ጥግ ከሌላው ይለያልና። ግን ባለማሳው እርሳስ ይዞ ሂሳቡን ራሱ ሊደግመው ይችላል።