የነቀዝ ከረጢት፦ መድኃኒት የለበትም

አዲስ ቴክኖሎጂ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ስልክና ቴሌብር ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዲጋና በአካባቢዋ፣ በቆሎ አምርቶ ለሚኖር ቤተሰብ ግን አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ የእህል ከረጢትም ከዚያ የሚያንስ ነገር አይደለም። ፒክስ ይባላል። ስለ እሱ የሚወራው ግን ሁሉም እውነት አይደለም።

«ላስቲኩ በመድኃኒት የተነከረ ነው» ይባላል። አይደለም። ከውጭ ያው የምናውቀው ማዳበሪያ ነው፤ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉ፤ ሌላ ምንም የለበትም። እህሉ ተሞልቶ ላስቲኮቹ በየተራ ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ፣ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ነቀዝ ውሃ አይጠጣም፤ ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን እርጥበት በአብዛኛው የሚያገኘው በኦክስጅን አማካይነት ምግቡን ሲያቃጥል ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ መብላቱን ያቆማል፤ ቀስ በቀስም ደርቆ ይሞታል። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ ያሰቡት ለጥራጥሬ ነበር፤ በቆሎ በኋላ የመጣ ነው።

እንግዲህ በዚህ ከረጢት ውስጥ የነቀዝ ኪኒን መጨመር ምንም አይጠቅምም። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ባለ እህል ላይ እሱን መጨመር በሕይወት መጫወት ነው።

«የገባውን እህል ሁሉ ያቆያል» የሚለው እምነት ደግሞ ብዙ ጉዳት ያመጣል። በደንብ ሳይደርቅ የታሰረ በቆሎ ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። የእህሉ እርጥበት ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ለግምት ያህል ጨው ይረዳል፦ ደረቅ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ በደንብ መናጥና ሩብ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው። ጨው ከሃይላንዱ ጎን ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

«ዘር ይገድላል» የሚሉም አሉ። በደንብ የደረቀ ዘር በከረጢቱ ውስጥ ቆይቶም ይበቅላል። ይሁን እንጂ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዳወጣቸው ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 ያሉ ድቅል በቆሎዎች ከራሳቸው ምርት ተመልሰው ቢዘሩ ምርታቸው ይቀንሳል፤ ይህ የድቅል ጠባይ ነው፣ ጥፋቱ የከረጢቱ አይደለም።

ዲጋ ምስጥ የበዛባት አገር ናትና ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጡት። ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ በርብራብ ላይ አኑሩት፤ ከአይጥም ጠብቁት፤ ትንሽ ቀዳዳ አየር ካስገባ ነቀዙ ይተርፋል። ከመሙላታችሁ በፊት ላስቲኮቹን አየር ሞልታችሁ ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ያልተቀደደው ለሚመጣው ዓመትም ያገለግላል።