የተዋሰውን ብርሃን የሚመልስ ጨርቅ

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የአንዳቸውን የትምህርት ቤት ቦርሳ ያንሱና ግራጫ ቀጭን ጥብጣብ የተሰፋበት ቦታ ይፈልጉ። ቦርሳው ላይ ከሌለ የስፖርት ጫማ ተረከዝ ላይ አይጠፋም። እሱም ካልተገኘ ግቢ የቆመ መኪና ታርጋ ይበቃል።

ቦርሳውን ከክፍሉ ማዶ ወንበር ላይ አስቀምጠው መብራቱን ያጥፉ። የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከዓይንዎ አጠገብ፣ ጉንጭዎ ላይ ይያዙት። ያ አመድ የመሰለ ጥብጣብ ቦግ ይላል። አሁን ስልኩ ቦርሳው ላይ እንዳነጣጠረ ክንድዎን ወደ ጎን ይዘርጉ። ጥብጣቡ ወዲያው ይደበዝዛል።

ቦርሳው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የራቀው ባትሪው ብቻ ነው። ጥብጣቡ የራሱ ብርሃን የለውም። የተላከለትን ይቀበልና ወደ መጣበት ይመልሰዋል። የሹፌር ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ከመኪናው መብራት አጠገብ ስለሆነ፣ የተመለሰው ብርሃን የሚደርሰው ለእሱ ነው። ከጎን የቆመ ሰው ያን ያህል አያየውም።

ብርሃን ዕቃ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን በውኃና በኳስ ማየት ይቻላል። ውኃ ሻካራ ድንጋይ ላይ ቢደፉ በየአቅጣጫው ይረጫል። ነጭ ቀለምም ብርሃንን እንዲሁ ይበትነዋል። መንገድ ዳር ኖራ የተቀባ ድንጋይ በቀን ቁልጭ ብሎ ታይቶ ማታ የሚደክመው ለዚህ ነው፤ ለሹፌሩ የሚደርሰው ከብዙው ጥቂቱ ነው። መስታወት ደግሞ በሰያፍ የመጣውን ብርሃን ወደ ሌላ ወገን ያሻግረዋል፤ እሱም ለሹፌሩ አይጠቅምም።

አሁን የልጆቹን ኳስ ይውሰዱና ሁለት ግድግዳ ወደሚገናኝበት ማዕዘን መሬት ለመሬት ያንከባሉት። አንዱን ግድግዳ መትቶ፣ ሁለተኛውን መትቶ፣ ወደ እርስዎ ይመጣል። ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሆነው ቢሞክሩትም ይመለሳል። ሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ወለሉን ሦስተኛ አድርገው ቢያስቡት፣ ከላይም ከታችም የመጣው ሁሉ ወደ መጣበት የሚዞርበት ማዕዘን ያገኛሉ።

የብስክሌትን የኋላ ቀይ ፕላስቲክ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ውስጡ በእንደዚህ ዓይነት ጥቃቅን ማዕዘኖች የተሞላ ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የአፖሎ 11 ተጓዦች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት ሰሌዳም 100 ተመሳሳይ ማዕዘኖች አሉት። ከምድር የተላከ የሌዘር ብርሃን እዚያ ደርሶ በ2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለሳል፤ ሳይንቲስቶች የጨረቃን ርቀት የሚለኩት በዚህ ነው። የብስክሌቱ ፕላስቲክና የጨረቃው ሰሌዳ ብልሃታቸው አንድ ነው።

የቦርሳው ጥብጣብ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ብይ የተጫወተ ሰው ይገባዋል። ላዩ ላይ ዓይን የማይለያቸው፣ እንደ ዱቄት የደቀቁ የመስታወት ብዮች ተነስንሰውበታል። ክብ መስታወት የገባበትን ብርሃን ከጀርባው ይሰበስባል። ይህን ለማየት ድቡልቡል ብርጭቆ ውኃ ሞልተው ከኋላው ነጭ ወረቀት ያቁሙ፤ ከፊት ባትሪ ያብሩበት። ወረቀቱን ጠጋና ራቅ ሲያደርጉት ብርሃኑ ተሰብስቦ ደማቅ መስመር ይሠራል። በእያንዳንዷ ትንሽ ብይ ጀርባ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለ። የተሰበሰበው ብርሃን እሱን መትቶ በገባበት ይወጣል።

የድመትና የጅብ ዓይን በጨለማ የሚያበራውም እንዲሁ ነው፤ ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ። የአህያና የበሬም እንደዚያው። ችግሩ ጀርባቸውን ለሰጡት ሹፌር የሚታይ ዓይን አለመኖሩ ነው።

አስፋልት ላይ ያለው ነጭ መስመርም ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲህ ያሉ የመስታወት ፍሬዎች ይነሰነሱበታል፤ ዳቦ ላይ ሰሊጥ እንደሚደረገው። ዝናብ ሲጥል መስመሩ ድንገት የሚጠፋብዎት ፍሬዎቹ ውኃ ውስጥ ስለሚሰጥሙ ነው። ውኃ የለበሰ ብይ ብርሃኑን እንደ ቀድሞው መሰብሰብ አይችልም።

ለዚህ ጣጣ መልስ ያገኘው ፐርሲ ሾ የሚባል የሃሊፋክስ እንግሊዛዊ ነው። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ፓተንት ያወጣበት ዕቃ በእንግሊዝኛ «የድመት ዓይን» ይባላል። የመስታወት ዓይኖቹ ጎማ ውስጥ ተቀምጠው መንገዱ መሐል ይተከላሉ። መኪና ሲረግጠው ጎማው ይሰምጥና ዓይኖቹን ይጠርጋቸዋል፤ ከሥር የተጠራቀመው የዝናብ ውኃ ያጥባቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ መብራቷን አጥፍታ ስታድር ሰው መንገዱን የለየው በእነዚህ ዓይኖች ነበር። እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው መብራቱን አይደለም፤ ጎማውን ነው። የቆሸሸ አንጸባራቂ እንደሌለ እንደሚቆጠር ሾ ተረድቶ ነበር።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 22 ሜትር ይበላል። በአጭር መብራት ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ብዙ ጊዜ አይለይም፤ ለሹፌሩ የሚቀረው ከሁለት ሰከንድ ትንሽ ዘለግ ያለ ጊዜ ነው። ነጭ ጋቢ ይሻላል፤ ግን ብርሃኑን ይበትነዋል። አንጸባራቂ ጥብጣብ ከ150 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ፣ የተበላሸ ኢሱዙ ጀርባ አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ ቅጠልና የተደረደረ ድንጋይ ሳይ አዝናለሁ። ሹፌሩ ለሰው አስቦ ነው ያደረገው። ቅጠሉ ግን ማታ ብርሃን አይመልስም፤ ድንጋዩም መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል። ብርሃን የሚመልሰው ቀይ ትሪያንግል ራቅ ብሎ ቢቆም የሚመጣው መኪና ገና ከሩቅ ያየዋል፤ ሲሄዱም ታጥፎ ይነሣል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አንድ እርጥብ ጨርቅ ይያዙ። የመኪናዎን ታርጋ፣ የባጃጅዎን የኋላ አንጸባራቂ፣ የጋሪዎን ስቲከር ጭቃ ይጥረጉ። ማታ መንገድ ዳር የሚሄድ ልጅ ካለዎት ደግሞ ጥብጣቡን ቦርሳው ላይ ብቻ አይተዉት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይም ይሰሩለት። አጭር መብራት መጀመሪያ የሚያርፈው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል ብልጭታ ያየ ሹፌርም የሚራመድ ሰው መሆኑን ፈጥኖ ይለያል።