የተማሪው ሁኔታ በቁጥር ይጻፍ ወይስ በስም?

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር የተያዘ የተማሪ መዝገብም ሊጠብቀን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዕትም አንድ ጥያቄ እናንሣ። ትምህርቱን ያጠናቀቀ ተማሪ፣ ረድፉን ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቀን ጧት «ያቋረጠ» ሆኖ ሊገኝ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቁጥራቸው የተወሰነና አስቀድመው የታወቁ አማራጮችን በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣሉ። ዝርዝሩም ኢነም ይባላል። የጃቫ ቋንቋ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው አምስተኛ ዕትሙ ነው። ለምሳሌ ያህል የተማሪው ሁኔታ «የሚማር»፣ «ያቋረጠ» ወይም «ያጠናቀቀ» ይሁን። ከሦስቱ ውጭ የሆነ ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም። እንደ ደብተሩ አንዱ «ያቋረጠ»፣ ሌላው «ያቁዋረጠ» እያለ አይዘበራረቅም ማለት ነው።

ዳሩ ግን የመረጃ ቋቱ ሠንጠረዥ የጃቫን ዝርዝር አያውቅም፤ የሚያውቀው ዓምድና ረድፍ፣ ቁጥርና ጽሑፍ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው መሣሪያ ኦ.አር.ኤም. ይባላል፤ በጃቫ ዘንድ ሃይበርኔት የታወቀው ነው። ይህ አስተርጓሚ ወይ ተራ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ወይ ስሙን። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጄ.ፒ.ኤ. የተባለው ደንብ ደግሞ ጸሐፊው ምንም ካላለ ተራ ቁጥሩ ይጻፍ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቆጠራው ከዜሮ ይነሣል። «የሚማር» 0፣ «ያቋረጠ» 1፣ «ያጠናቀቀ» 2 ይሆናል። በዓመቱ ርእሰ መምህሩ «ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሄደውስ የት ይግባ?» ይላሉ እንበል። ፕሮግራም ጸሐፊውም እሺ ብሎ «የተዛወረ» የሚለውን ከ«የሚማር» ቀጥሎ ይሰካዋል። ለዓይን ያማረ ቦታ እኮ ነው! ታዲያ ከዚያ ወዲያ 1 የተዛወረ፣ 2 ያቋረጠ፣ 3 ያጠናቀቀ ሆነ። የድሮዎቹ ረድፎች ግን እንደነበሩ ናቸው። አምና 2 የተጻፈላት፣ ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ዛሬ ስትነበብ ያቋረጠች ናት። ያቋረጡት ደግሞ ሁሉም ተዛውረዋል። ኮምፒዩተሩ አንዲት የስሕተት መልእክት አያወጣም፤ 2 ለእርሱ ትክክለኛ ቁጥር ነዋ! ነገሩ የሚታወቀው ልጅቷ ማስረጃ ልትወስድ መጥታ በመስኮት «አቋርጠሻል» ስትባል ነው። እስከዚያ አዲሶቹ ረድፎች ከአሮጌዎቹ ጋር ስለሚደባለቁ የትኛው 2 የዱሮ፣ የትኛው የዘንድሮ እንደሆነ መለየት ከባድ ነው።

ስሙ ከተጻፈ ግን በመሐል መሰካት ምንም አያመጣም። «ስም ቦታ ይፈጃል» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ «ያጠናቀቀ» 5 ፊደል ስለሆነ 15 ባይት ነው። ለ10,000 ተማሪ 150,000 ባይት መሆኑ ነው። በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ ክርክሩ ለትምህርት ቤት መዝገብ ውኃ አያነሣም።

ስምም ቢሆን እንከን አያጣውም። በፕሮግራሙ ውስጥ «ያጠናቀቀ» ተነሥቶ «የጨረሰ» ቢባል፣ የድሮው ረድፍ ሲነበብ እንዲህ ያለ ስም የለም ብሎ ፕሮግራሙ ይቆማል። ቢሆንም የሚጮህ ስሕተት ዝም ከሚለው ይሻላል ባዮች ነን። ሁለቱንም ለማይፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጄ.ፒ.ኤ. 2.1 ሦስተኛ መንገድ ከፍቷል። ይኸውም ለእያንዳንዱ ሁኔታ «ቋ»፣ «ጠ» እንደሚሉት ያለ የማይለወጥ ምልክት ሰጥቶ ማስተርጎሚያውን በራስ መጻፍ ነው። ሥራው ትንሽ ይበዛል እንጂ ስሙም ተራውም ቢለወጥ መዝገቡ አይናጋም።

የትምህርት ቤቱ ክበባት ዝርዝር ዓይነት፣ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ነገር ግን ከመነሻውም ኢነም መሆን የለበትም፤ የራሱ ሠንጠረዥ ይከፈትለት።

በተራ ቁጥር ተይዞ የቆየ መዝገብ የሚረከብ ሰውስ? ለጊዜው አዲሱን ሁኔታ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ይጨምር፤ ከመሐል አያውጣ፣ ተራውንም አያዛውር። ቀጥሎ ሁለተኛ ዓምድ ከፍቶ 0 ባለበት «የሚማር»፣ 1 ባለበት «ያቋረጠ»፣ 2 ባለበት «ያጠናቀቀ» እያለ ይገልብጥ፤ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ ሲያበቃ የቁጥሩን ዓምድ ይሰርዝ።