የመውለድ አቅምና የወንዱ ድርሻ

በኢትዮጵያ ትዳር ልጅ ሳያፈራ ሲቀር «መካን» የሚለው ቃል አስቀድሞ የሚወድቀው በሴቷ ላይ ሲሆን፣ ጠበሉም ምርመራውም በአብዛኛው ከእርሷ ይጀምራል። ሕክምናው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክረው ካልተሳካላቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር የችግሩ ተካፋይ ነው።

የወንድ ዘር ህዋስ፣ ማለትም ስፐርም፣ የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ነው፤ ቆለጥ ከሆድ ውጭ በከረጢት የተንጠለጠለውም ምርቱ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚሻ ነው። ስለዚህ ከአምስት ኪሎ ፒያሳ ሲመላለስ የሚውል የሚኒባስ ሹፌር፣ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር እየጋለ ለሰዓታት ሲቀመጥ፣ ወይም ዳቦ ጋጋሪ ከምድጃ ፊት ሲቆም፣ ይህ ቅዝቃዜ ሊጓደልበት ይችላል። አንድ ስፐርም ለመፈጠር ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ጉዳት የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ጎጂው ነገር ሲወገድም ማገገሙ ወራት ይጠይቃል።

ከሌሎቹ መንስኤዎች ዋነኛው ቫሪኮሲል ሲሆን፣ ይህም በቆለጥ ከረጢት ያሉ ደም መላሽ ሥሮች መለጠጥ ነው፤ ከ100 ወንዶች በ15ቱ ገደማ ይገኛል፣ በቀዶ ሕክምናም ይስተካከላል። ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ የስፐርሙን መተላለፊያ ቱቦ ሊዘጉ፣ ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ ደግሞ ቆለጥን ሊያቆስል ይችላል። ሲጋራና ከልክ ያለፈ አልኮልም ጉዳት አላቸው። ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ ደግሞ፣ አንጎል «ሆርሞኑ በቂ ነው» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ እንዲያቋርጥ ስለሚያደርግ፣ የስፐርም ምርትን እስከ ማቆም ይደርሳል።

የወሲብ ብቃትና የመውለድ አቅም አንድ አይደሉም፤ በግንኙነት ምንም የማይጎድለው ወንድ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም ላይኖረው ስለሚችል፣ ልዩነቱን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ምርመራው ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠትን ብቻ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛውን ወለል በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ያደርገዋል፤ ከዚህ ማነስ ዕድልን ያጠብባል እንጂ በሩን አይዘጋም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ወዲህ፣ እንቁላልንና ስፐርምን ከማህፀን ውጭ የማዋሃድ ሕክምና በመንግሥት ተቋምም ይሰጣል።

እንግዲህ ልጅ የዘገየበት ባል ሚስቱ ተመርምራ እስክትጨርስ ሊጠብቅ አይገባም፤ በመጀመሪያው ቀን አብሯት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።