ላሽ፦ ሥሩ ያልሞተ ፀጉር

ላሽ ከፀጉር መቁረጫ ማሽን አይያዝም። የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ የገዛ ፀጉራችንን ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ፀጉር፣ ጢም ወይም ቅንድብ ክብ እየሠራ ይራገፋል።

አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አስተካካዩ ከአንድ ልጅ ማጅራት በላይ ሳንቲም የምታህል መላጣ አየና ማሽኑን አጠፋ። «ማሙሽ፣ ይሄ ይጋባል፣ መጀመሪያ ታከም» አለው። ልጁ «አያሳክከኝም እኮ ጋሼ» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። እውነቱን የተናገረው ልጁ ነበር። በማሽን የሚጋባው በፈንገስ የሚመጣው ጭርት ነው፤ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩን ይሰባብራል። የላሽ ቆዳ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ያለ ነው። ዳር ዳሩን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከላይ ወፈር፣ ከሥር ቀጠን ያሉ አጫጭር ፀጉሮች ታገኛላችሁ፤ ቁርጥ ቃለ አጋኖ። ሽበት ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ጥቃቱ የሚበረታው ቀለም ባለው ፀጉር ላይ ነውና። አንዳንዱ ሰው ጥፍሩ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣበታል።

ነጭ ሽንኩርት እየፈተጋችሁ ቆዳ የምታቃጥሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ሥሩ ታፈነ እንጂ አልሞተም። ትንሽ ላሽ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይሞላል፤ መጀመሪያ የሚበቅለውም ነጭ ሊሆን ይችላል።

ካልሞላ ሐኪም ቦታው ላይ ስቴሮይድ ይወጋል። ሰፊ ለሆነው ደግሞ ባሪሲቲኒብ አለ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሠራ ክኒን ነበር፤ ጃክ የሚባሉትን ፕሮቲኖች ይዘጋና የመከላከያ ሴሎች የሚቀባበሉትን የጥቃት መልእክት ያዳክማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ፈቀደው። በጥናቶቹ በቀን 4 ሚሊግራም ከወሰዱት ሲሶ ያህሉ በ36 ሳምንት ከራሳቸው ቢያንስ 80 በመቶው በፀጉር ተሸፈነላቸው። በ2023 ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሪትሌሲቲኒብ የሚባል ተመሳሳይ መድኃኒት ተከተለ። መድኃኒቶቹን ሲያቆሙ ግን ፀጉሩ ተመልሶ ሊረግፍ ይችላል።

መድኃኒቶቹ መከላከያን ስለሚያዳክሙ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ደምም ሊያረጉ ይችላሉ። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ቢልክላችሁ እንኳ፣ የቲቢና የደም ምርመራ ሳታደርጉ፣ ሐኪምም ሳያያችሁ አንዲት ፍሬ አትዋጡ።