አህያዋ ምን ጭናለች?

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ቶሎ የሚገነጣጠሉት መጻሕፍት መኪና ያለባቸው ናቸው። ገልባጭ፣ ዶዘር ወይም የእሳት አደጋ መኪና ያለበት ገጽ በፕላስተር ተለጥፎ ተለጥፎ ከሌላው ገጽ ወፍሯል። ቀጥለው የእንስሳት መጻሕፍት ይመጣሉ። ወላጆች አጥብቀው የሚፈልጓቸው፣ ፊደልና ቁጥር የሚያስቆጥሩት፣ እንደ አዲስ ተቀምጠዋል። «ቁም ነገር ያለው የለም እንዴ?» ይሉኛል እናቶች፣ ልጃቸው ለስንተኛ ጊዜ ያንኑ ኤክስካቫተር ታቅፎ ሲመጣ።

ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ከኤክስካቫተር የበለጠ ቁም ነገር ያለ አይመስለኝም። በዙሪያው ከሚሠራው ሥራ አብዛኛው አይገባውም። አባቱ ቢሮ ገብቶ ምን ሲሠራ እንደሚውል ማን ያስረዳዋል? ገልባጭ መኪና ግን ሲጭን ይታያል፣ ሲሄድ ይታያል፣ ሲገለብጥ ይታያል፤ አለቀ። ዓይንና ፈገግታ ተስሎለት ከገጽ ገጽ ዝም ብሎ የሚንሸራሸር መኪና ሲያጋጥመው ግን ልጁ ትቶት ይነሣል።

ይህን አሳምራ ያወቀችው አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሊ በርተን ናት። የመጀመሪያ ድርሰቷ ስለ አንዲት የአቧራ ብናኝ ነበር፤ 13 አሳታሚዎች መለሱባት። ለገዛ ልጇ ብታነብለት ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሥራዎቿን በልጆቿ ላይ መሞከር ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው የማይክ ማሊጋን ታሪክ፣ ማይክና ሜሪ አን የተባለችው አሮጌ የእንፋሎት መቆፈሪያው የአንዲት ትንሽ ከተማን ማዘጋጃ ቤት ምድር ቤት በአንድ ቀን ሊቆፍሩ ቃል ይገባሉ። ጥግ በጥግ እያስተካከሉ ይቆፍራሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳሉ፣ መውጫ ማስቀረት ግን ረስተዋል።

እዚህ ገጽ ላይ ሁሌም ቆም ብዬ «አሁን በምን ትውጣ?» እላለሁ። «በክሬን!» የሚል አይጠፋም። አንዷ «ሹፌሩ ይውረድና ሁላችንም እንግፋት» አለች። የቆመ ሚኒባስ ሲገፋ ያላየ ልጅ እዚህ ከተማ የት ይገኛል? በመጽሐፉ መፍትሔውን የሚያመጣው ትንሽ ልጅ ነው፦ እዚያው ትቅርና ለሕንፃው ማሞቂያ ትሁን። ሐሳቡን ለበርተን የሰጣት በእውን የነበረ ልጅ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙን ጠቅሳ አመስግናዋለች። የእኔዎቹ በዚህ አይስማሙም። የሕንፃ ማሞቂያ አይተው አያውቁም፤ ያን ያህል የደከመች መኪና ጉድጓድ ውስጥ መቅረቷ ቅጣት ነው የሚመስላቸው።

እዚህ ደግሞ ዶዘር ሁልጊዜ ጀግና አይደለም። ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ልጆች አሉን። አንዱ የቢጫውን ዶዘር ሥዕል በጣቱ ጫን አድርጎ «ቤታችንን ያፈረሰው ይሄ ነው» አለ። አላዘነም፣ የሚያውቀውን መናገሩ ነው። አብራቸው የመጣችው መምህርት ቶሎ ብላ ገጹን ገለጠችው። እኔ ብሆን እተወው ነበር።

ያቺው በርተን እ.ኤ.አ. በ1942 «ትንሿ ቤት»ን አወጣች፤ መጽሐፉ በዓመቱ ለልጆች የሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳሊያ ተሸለመ። የእንፋሎት መቆፈሪያው እዚህም ይመጣል። መንገድ ይቆፍራል፣ መኪኖች ድንጋይ ይደፋሉ፣ ሩሎ ይዳምጣል፤ ቀስ በቀስ ገጠር የነበረችው ቤት በፎቆች መሃል ትዋጣለች። በመጨረሻም ከነግድግዳዋ ጎማ ላይ ተጭና ወደ ገጠር ትሄዳለች። ሁለቱን መጻሕፍት አከታትዬ ማንበብ ልማድ አድርጌዋለሁ። ማሽኑ እዚያ ጀግና ሆኖ እዚህ ቤት ማስጨነቁ ልጆቹን አያስገርማቸውም፤ የሚያስገርማቸው ቤት ተጭኖ መሄዱ ነው። ዶዘሩን በጣቱ ያሳየው ልጅ «እኛ በአይሱዙ በሩንና ቆርቆሮውን ብቻ ነው የጫንነው» ሲል ሌሎቹ ስንት ቆርቆሮ እንደነበር ጠየቁት፤ ቆጥሮ ነገራቸው።

የውጭ መጽሐፍ ልጆቻችንን ባዕድ ያደርጋቸዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ነገር ግን ከበርተን መጻሕፍት አንዱ በረዶ ስለምትጠርግ ትራክተር ነው፤ እንዲህ ያለ በረዶ በዓይናቸው ያላዩ ልጆች እስከ መጨረሻው ይከተሉታል። መንገዱ ተጠርጎ ሐኪሙ ካለፈ ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ጥያቄ የሚያበዙት የራሳችንን መጻሕፍት ስከፍት ነው። ፊደል ማስቆጠሪያው ላይ አህያ አለች፤ ንጹሕ፣ ሣር ላይ የቆመች፣ ጀርባዋ ባዶ። «ምን ጭናለች?» ምንም። «ባለቤቷስ?» ሌላው ላይ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ በሩ ዝግ። «ረዳቱ የታለ?» አንድ የታክሲ ሹፌር ልጅ መሪው በቀኝ በኩል መሳሉን አይቶ «ይሄ መኪና ውሸት ነው» ብሎ መጽሐፉን ገፍቶታል። ልክ ነው።

እኛ ጋ ከሚደርሱት የውጭ መጻሕፍት በአብዛኛዎቹ እንስሳት ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራውን ለመኪና አስረክበው ይዘፍናሉ፣ ይተኛሉ። እዚህ ግን እህል የጫነች አህያና ሲኖትራክ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። እንዲያውም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት ለልጆች ይደርሱ የነበሩት አህያ በሚጎትተው ጋሪ ነው።

ለዚህ መንገድ የሚሆን ተረት ደግሞ አለን። አህያ፣ ፍየልና ውሻ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች፤ መኪና ቢመጣ ከመንገድ ንቅንቅ የማትለው ለዚህ ነው። ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፤ መኪና ስታይ እስከ ዛሬ ትሸሻለች። ውሻ ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን አልተቀበለም፤ ይኸው እየጮኸ መኪና ሲያባርር ይኖራል። ይህን ስናገር ልጆቹ የሚያወጡት ጥያቄ ማለቂያ የለውም፦ ውሻው ስንት ብር ሰጠ? አህያዋ የት ተቀመጠች? ፍየሏን በሩ ላይ ማን ያዛት?

በእጄ እያገላበጥኩ የማሳየው መጽሐፍ ስለሌለኝ በቃል ነው የምነግራቸው። የሚስለው ሰው ቢገኝ፣ በሩ ተከፍቶ ረዳቱ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ ይታይ፤ ብሮቹን እጥፍ እጥፍ አድርጎ በጣቶቹ መሃል ይያዝ። አህያዋም ጆንያዋን እንደጫነች ትሳፈር። ለጆንያው ለብቻው ይከፈላል አይከፈልም የሚለውን ልጆቹ ይከራከሩበታል።