የማውስ ቁልፍ ሲበላሽ፦ የጌም ማውስን በክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ላይ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

በደቡብ ኦሞ የኛንጋቶም ወረዳ ማዕከል የሆነችው ካንጋተን በኦሞ ወንዝ ዳር የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ሙቀቱና አቧራው ሰውንና ከብትን ብቻ ሳይሆን የቢሮ ዕቃንም ይፈትናል። ከኮምፒውተር ዕቃዎች መካከል ቀድሞ ከሚደክሙት አንዱ ማውስ ነው። ዋጋው ከኮምፒውተሩ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቢሆንም፣ የግራ ቁልፉ አልሠራ ያለ ዕለት ሥራው በሙሉ ይቆማል። ማመልከቻ ለማስጻፍ ከቀበሌ የመጣ አርብቶ አደር ጉዳዩን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ የማኅበር ሒሳብ ይዘገያል፤ ተለዋጭ ዕቃ ለማግኘት ደግሞ እስከ ጂንካ መላክ ግድ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ችግር ብዙዎች ያላሰቡት አንድ መፍትሔ አለ። ለኮምፒውተር ጨዋታ ተብለው የሚሠሩ ማውሶች ከተለመደው ማውስ የበለጡ ቁልፎች አሏቸው። አንዱ ቁልፍ ሲሞት ሥራውን ለሌላው ማስተላለፍ ይቻላል። ችግሩ አምራቾቹ ይህን ማስተካከያ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር በዋናነት ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ማዘጋጀታቸው ነው። እንደ ሊኑክስ ባሉ ነጻና ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች የሚጠቀም ሰው ግን ያለ መፍትሔ አልቀረም። ክፍተቱን በጎ ፈቃደኛ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሞልተውታል።

ጉዳዩ አሁን ለምን አስፈለገ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዳዲስ የሆኑ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት በየከተማው በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያገለግሉ በርካታ አሮጌ ኮምፒውተሮች በይፋ ወደ አዲሱ ስርዓት ሊሸጋገሩ አይችሉም።

የእነዚህን ኮምፒውተሮች ዕድሜ ለማራዘም ከሚያስችሉት አማራጮች አንዱ ሊኑክስ ነው። የስርዓቱ እምብርት የሆነውን ፕሮግራም ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረገው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ፣ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ በሚመች መልኩ ይቀርባሉ። ክፍት ምንጭ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል ማለት ነው። የፈቃድ ክፍያ ስለሌለውም ምንጩ ያልታወቀ ቅጂ በፍላሽ ተቀባብሎ ከቫይረስ ጋር መታገልን ያስቀራል።

ማውሱ ሳይስተካከልም ለምን ይሠራል?

ማንኛውም የዩ.ኤስ.ቢ. ማውስ በየትኛውም ስርዓት ላይ ሲሰካ ወዲያውኑ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፤ የግራና የቀኝ ቁልፎቹ እንዲሁም መሐል ላይ ያለው ጎማ ይሠራሉ። ይህ የሆነው አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት የጋራ መግባቢያ ስላለ ነው። ኮምፒውተሩ ማን እንደሠራው ሳይጠይቅ "ግራ ተጫነ"፣ "ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ" የሚሉትን መልእክቶች ይረዳል።

የጌም ማውስ ተጨማሪ ችሎታዎች ግን ከዚህ የጋራ መግባቢያ ውጪ ናቸው። የጠቋሚውን ፍጥነት መወሰን፣ የመብራቱን ቀለም መለወጥና ለጎን ቁልፎች አዲስ ተግባር መስጠት የሚቻለው እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ባወጣው የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ለምሳሌ የሎጂቴክ ጂ203 ስድስት፣ ጂ502 ደግሞ አሥራ አንድ ቁልፎች አሏቸው፤ ሁሉንም እንደ ፍላጎት ለመመደብ ግን ያንን ቋንቋ የሚናገር ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

በጎ ፈቃደኞቹ የሠሩት ይህንኑ ነው። አንዳንድ ጊዜ አምራቹ ራሱ ካወጣው ሰነድ በመነሳት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የአምራቹ ሶፍትዌር ወደ ማውሱ የሚልከውን መልእክት አንድ በአንድ በመከታተል ትእዛዞቹን ለይተው አወቁ። ሥራው የውኃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ ሲጠፋ የድሮውን ክፍል ለክቶ አዲስ ከሚሠራ መካኒክ ሙያ ጋር ይመሳሰላል። ፋብሪካው አልላከውም፤ ሞተሩ ግን ውኃ ይስባል።

የትኞቹ ሶፍትዌሮች አሉ?

ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ፓይፐር ነው። ፓይፐር በተጠቃሚው ፊት የሚታየው መስኮት ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ሊብራትባግ የተባለ ፕሮግራም ከማውሱ ጋር ይነጋገራል። ሊብራትባግን ከጀመሩት መካከል የሬድ ሃት ባለሙያዎቹ ፒተር ሁተረርና ቤንጃሚን ቲስዋር ይገኙበታል። የሎጂቴክ፣ የስቲልሲሪስና የሌሎች አምራቾች በርካታ ማውሶችን ያውቃል።

ሁለተኛው ሶላር ነው። ይህ በተለይ ለሎጂቴክ ገመድ አልባ ዕቃዎች የተሠራ ሲሆን፣ ማውሱን ከመቀበያው ጋር ለማጣመርና የባትሪውን መጠን ለማየት ይጠቅማል። ለሬዘር ምርቶች ኦፕንሬዘር የተባለ ፕሮግራም አለ። ማውሱ በማንኛቸውም የማይታወቅ ርካሽ ምርት ከሆነ ደግሞ ኢንፑት ሪማፐር ሊሞከር ይችላል፤ ይህ ማውሱን ሳይነካ፣ የቁልፉን መልእክት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀብሎ ወደ ሌላ ተግባር ይለውጣል።

በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት ለካንጋተን ነዋሪ ትልቅ ትርጉም አለው። በፓይፐር የሚደረገው ለውጥ የሚቀመጠው በማውሱ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ጂንካ ላይ በአንድ ኮምፒውተር የተስተካከለ ማውስ ካንጋተን ላይ በሌላ ኮምፒውተር፣ በዊንዶውስም ቢሆን፣ እንደተስተካከለ ይሠራል። በኢንፑት ሪማፐር የተደረገ ለውጥ ግን ከዚያው ኮምፒውተር አይወጣም።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የግራ ቁልፍ ሲበላሽ በቅድሚያ መሞከር ያለበት ምንም ሶፍትዌር የማይጠይቀው መንገድ ነው። በየትኛውም ስርዓት የማውስ ማስተካከያ ውስጥ ለግራኝ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ምርጫ አለ። እሱን ሲያበሩ የቀኝ ቁልፍ የግራውን ሥራ ይረከባል። ጉድለቱ የቀኝ ቁልፍ አገልግሎት መታጣቱ ነው፤ እርሱንም ከኪቦርዱ ላይ ሺፍትንና ኤፍ 10ን አንድ ላይ በመጫን በአብዛኛው መተካት ይቻላል።

ማውሱ የጎን ቁልፎች ካሉት ግን ሁለቱንም አገልግሎት ማስቀረት ይቻላል። ለዚህም፦

አንደኛ፣ ለጊዜው ሌላ የሚሠራ ማውስ ከጎን መሰካት። ሁለት ማውሶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር አብረው ይሠራሉ። ሌላ ማውስ ከሌለ በኪቦርዱ ታብ ከቦታ ወደ ቦታ እየሄዱ በኢንተር መምረጥ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ የስርዓቱን የሶፍትዌር ማከማቻ ከፍቶ ፓይፐር ብሎ መፈለግ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ፣ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ አር ተብሎ ይጻፋል። በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በፌዶራ ማከማቻዎች ውስጥ ይገኛል፤ ሲጫንም ሊብራትባግን አብሮ ይጭናል።

ሦስተኛ፣ ፓይፐርን መክፈት። ማውሱ የሚታወቅ ከሆነ ምስሉ ከነቁልፎቹ ይታያል። በቁልፎች ገጽ ላይ አንዱን የጎን ቁልፍ መርጦ የግራ ቁልፍን ተግባር መስጠት ይቻላል።

አራተኛ፣ ለውጡን ማጽደቅ። በመስኮቱ ላይ ያለው የማጽደቂያ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ማውሱ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ አዲሱን ቁልፍ በተግባር ሞክሮ ጊዜያዊውን ማውስ መንቀል ይቻላል።

በዚሁ መስኮት የጠቋሚውን ፍጥነትም መወሰን ይቻላል። ፍጥነቱ የሚለካው በዲ.ፒ.አይ. ነው፤ ማውሱ አንድ ኢንች ማለትም 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲገፋ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ያሳያል። በጂ203 እስከ 8,000 ድረስ ይደርሳል፤ ለጽሕፈት ሥራ ግን ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ከ800 እስከ 1,600 ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ቁልፉ ያልተበላሸበት ሰውም ከዚህ ይጠቀማል። በኡቡንቱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ አጻጻፍ የሚቀየረው የሱፐርና የስፔስ ቁልፎችን አብሮ በመጫን ነው። ይህን ጥምር ለአንድ የጎን ቁልፍ መስጠት ደብዳቤና ቅጽ በሁለት ቋንቋ ለሚጽፍ ጸሐፊ በቀን ውስጥ ብዙ ድካም ይቀንሳል። የመቅዳትና የመለጠፍ ትእዛዞችም እንዲሁ ሊመደቡ ይችላሉ።

ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ሶፍትዌሮቹ ይፋዊ ስላልሆኑ ችግር ቢፈጠር አምራቹ ኃላፊነት አይወስድም። በመሆኑም ማውሱ ከመገዛቱ በፊት ሊብራትባግ በሚያውቃቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይመከራል። መልኩ የጌም ማውስ የሚመስል፣ መብራት የሚያበራ ሁሉ የራሱ ማስታወሻ አለው ማለት አይደለም።

ፕሮግራሙን ከስርዓቱ የራሱ ማከማቻ ብቻ ማውረድ ያስፈልጋል። ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እያዘዋወሩ መጫን ከሊኑክስ የሚገኘውን የደኅንነት ጥቅም ያጠፋል። ፓይፐርንና ሶላርን በአንድ ጊዜ ከፍቶ አንድን ማውስ በሁለቱም ማዘዝም ተገቢ አይደለም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊሽረው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ቁልፍ የግራን ሥራ ሳይረከብ የሚሠራውን የግራ ቁልፍ መለወጥ አይገባም።

ልምዱ ለአገራችን አዲስ አይደለም

ፋብሪካ ያላሰበበትን ክፍተት በራስ ሙያ መሙላት በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ የቆየ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ የሚጻፍበትን መንገድ ራሳቸው ቀይሰዋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ዛሬም በሊኑክስ ውስጥ አማርኛን ለመጻፍ ያገለግላል።

ያኔ የተፈታው ችግር ኪቦርዱ ለአገሩ ፊደል አለመሠራቱ ነበር፤ ዛሬ የተፈታው የማውሱ ሶፍትዌር ለነጻው ስርዓት አለመሠራቱ ነው። ሁለቱም የተፈቱት የባለቤቱን ፈቃድ በመጠበቅ ሳይሆን የዕቃውን አሠራር በማወቅ ነው። ካንጋተን ላይ የአንድ ጽሕፈት ቤት ማውስ ከአንድ ቁልፍ ሞት በኋላም ወራትን ቢያገለግል፣ ትርፉ የማውሱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ በዚያው ቀን ማመልከቻውን ይዞ መመለሱም ጭምር ነው።